ይህን መሶብ ማን ሠራው?

(በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የምሽት መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል)

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ ወጣቶች እባካችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ምንጣፉ ላይ የተቀመጠ ሰው ከሁላችንም በተሻለ ያያል። ጠረጴዛው ላይ ያለው መሶብ የእናቴ ነው። መድረኩን እንዲያሳምር ያመጣሁት አይደለም፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ከእናንተ መካከል ሥዕል ሸጦ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። ሦስት ሰው። ሁለቱ ሠዓሊዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። ጥሩ፤ አሁን ጥያቄውን ልለውጠው። በልጅነቱ ለእንቁጣጣሽ አበባ ሥሎ ለጎረቤት ያዞረስ ማን ነው? እንዲህ ነው እንጂ! አዳራሹ ሁሉ እጅ ሆነ። ታዲያ ቅድም ለምን ዋሻችሁኝ?

አልዋሻችሁም፣ ረስታችሁት ነው። ያ ወረቀት ሥዕል መሆኑ፣ የተቀበላችሁት ሳንቲምም የሥዕል ዋጋ መሆኑ ትዝ አላላችሁም። ጳጉሜ ስትገባ ከለራችንን ቀርጸን፣ ፈገግ ያለች ፀሐይ፣ ከቤት የሚበልጥ አደይ አበባ፣ ክንፉ አንድ ወገን ያጠረ መልአክ እንሥል ነበር። ከሥሩ «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገራችሁ» ብለን እንጽፋለን። እኔ ሰነፍ ነበርኩ። ካለፈው ዓመት የተረፈኝን ሥዕል አውጥቼ የወንጌላውያኑን ስም ብቻ በላጲስ እየፋቅሁ እቀይር ነበር። አንድ ዓመት ታዲያ ተምታታብኝና ከዘመነ ሉቃስ ወደ ዘመነ ማርቆስ አሻገርኳቸው። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ጡረተኛ መምህር መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና «ልጄ፣ አበባህ ጥሩ ነው፤ ዘመኑን ግን ወደ ኋላ መለስከው» አሉኝ። ሳንቲሙን ግን ሰጡኝ። ሥዕሉንም ከቀን መቁጠሪያው ጎን ለጠፉት፤ እስከ ሚቀጥለው መስከረም እዚያው ነበር። ቤታቸው በተላክሁ ቁጥር በሰቀቀን አየው ነበር።

ያን ሽማግሌ እስከ ዛሬ የማስታውሳቸው በሳንቲሙ አይደለም። ሥዕሉን ስላዩት ነው። ስሕተቱን ያገኙት ስላዩት ነው። ዛሬ ልጆች ፎቶ ኮፒ የተደረገ አበባ ይዘው ይመጣሉ፤ እኛም ወረቀቱን ሳናይ ብር እንሰጣለን። ልጆቹ አልሰነፉም። ማንም የማያየውን ነገር አንድ ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብሎ መሣል ሞኝነት መሆኑን ቶሎ ተረድተዋል፤ ያስተማርናቸው እኛ ነን።

አዘጋጆቹ «ጥበብ ለዕለት ተዕለት ኑሮ ያለው ጥቅም» በሚል ርእስ እንድናገር ነበር የጋበዙኝ። በርእሱ ጥቂት ተቸግሬያለሁ። ጥበብ ከዕለት ኑሯችን ርቆ አያውቅምና ላቅርበው አልችልም። በጥበብ ላይ እንበላለን፣ ጥበብ እንለብሳለን፣ በጥበብ እናለቅሳለን። የጠፋን ሠሪው ነው። ስለ እርሱ ነው የምናገረው።

ቋንቋችንን ብቻ ተመልከቱ። በአማርኛ ጥበብ ስንል የሰለሞን ጥበብም ነው፣ የሠዓሊ ጥበብም ነው፣ በቀሚስ ጫፍ ላይ የሚወርደው ባለ ቀለም ጥለትም ነው። «ጥበብ ለብሳ መጣች» ሲባል ሴትዮዋ ፈላስፋ ሆነች ብሎ የሚደነግጥ የለም። ሦስቱን በአንድ ስም የጠራ ሕዝብ ግን ሸማኔውን ከጠቢቡ ጎን ለማስቀመጥ ፈቃደኛ አልነበረም። ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ» ብለን ሰደብነው፤ ቃሉ ከ«ጠቢብ» ጋር ያለውን መቀራረብ ለመስማት ጆሮ ይበቃል። ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ አልናት፤ በሠራችው ድስት ወጥ ሠርተን በላን። ማረሻ የሠራልንን ሰው ማታ ጅብ ይሆናል አልን፤ ጠዋት በማረሻው አረስን።

ይህ ነገር ቤተ መንግሥቱን ያሳሰበበት ጊዜ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው እየጠሩ መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ ሌላው ቀርቶ የሚጽፈውን ሰው አትስደቡ፤ እንዲህ ያለውን ሰው የሰደበ እኔን ሰደበ የሚል ነው መንፈሱ። የሚጽፈውንም! ጸሐፊው ጠንቋይ ይባል ነበርና። እዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠን ይህን ስንሰማ መሳቃችን ደግ ነው፤ ግን መደርደሪያዎቹን የሞላው ያ የተሰደበ እጅ ነው።

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ትታወቅ ነበር። መንገደኛ ሁሉ እዚያ ቆሞ ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን ይገዛ ነበር። ምስሉን በሻንጣው ጠቅልሎ የሚወስደው ሰውና ሠሪዋን በክፉ ስም የሚጠራው ሰው አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው ነበር። ሠሪዎቹ ዛሬ አብዛኞቹ እስራኤል ናቸው። እጃቸውንም ይዘው ሄደዋል።

ስድቡ አሁን ከአብዛኞቻችን አፍ ወጥቷል። ከአፍ ወጥቶ የት እንደ ገባ ግን ልንገራችሁ፤ ዋጋ ክርክር ውስጥ ነው የገባው።

የራሴን ጉድ ልናገር። ከዓመታት በፊት ለእኅቴ ልጅ ሠርግ ጥለት ልገዛ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ሽሮ ሜዳን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ ሰፈር ነው፤ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ሸማኔዎች ልጅና የልጅ ልጅ ያፈሩበት። አንድ ነጠላ ወደድኩ፤ ዋጋውን ሰማሁ፤ ተቆጣሁ። እኔ የሥዕል መምህር ነኝ፤ ስለ ቀለም ቅንብርና ስለ ቅርጽ ለሃያ ሰባት ዓመት ያስተማርኩ ሰው። ግን ያን ቀን «ይህ እኮ ክር ነው! የክር ዋጋ ስንት ነው?» እያልኩ እንደ እህል ነጋዴ ተከራከርኩ። ሸማኔው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ ድሩንም ማጉንም በነፃ ልስጥዎት፤ ዓይኔን ብቻ ይክፈሉኝ» አለኝ።

ሸማኔ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ ምን ማለቱ እንደ ነበር ትረዳላችሁ። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ መወርወሪያውን እየላከ በሌላው እየተቀበለ፣ ጥለቱ ላይ ሲደርስ ድሩን በጣቱ እየለየ ይቆጥራል። ፊቱ የተዘረጋ ወረቀት የለም። ንድፉ ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። አንድ ክር ከሳተ ስሕተቱ ከአራት ጣት በኋላ ብቅ ይላል፤ ያኔ መፍታት ነው። በዚያ ላይ ድርና ማጉን ባዝታ፣ በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች፤ የእርሷ ስም ሽሮ ሜዳም አይደርስም። ነጠላውን በተጠየቅሁት ዋጋ ገዛሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ አፍሬ ነው።

አሁን ገበያው ላይ ሌላ ተፎካካሪ መጥቷል። ጥለቱ የተሸመነ ሳይሆን በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ርካሽ የገዛን ሰው አልወቅስም፤ ሁሉም እንደ ኪሱ ነው። የሚያሳዝነኝ ሁለቱን መለየት እያቃተን መምጣቱ ነው። መለየት ያልቻለ ሰው ሸማኔው ሲከስር አይሰማውም፤ ምን እንደ ጎደለበት አያውቅምና።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ ሁልጊዜ ያቋርጠኛል፤ ዛሬም አዳራሹ ውስጥ ስላለ እርሱ ሳይቀድመኝ ልቅደመው። «ሰው እንጀራ ሲቸግረው ስለ ጥበብ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላል። ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። ለዚህ ነው መሶቡን ያመጣሁት።

እናቴ ይህን መሶብ ስትሰፋ ቤታችን ሀብታም አልነበረም። ሀብታም አልነበረም ማለቴ በጨዋ ቋንቋ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶውን ሰብስባ፣ አክርማውን አዘጋጅታ፣ ከገበያ የመጣውን ቀለም በድስት አፍልታ ትነክር ነበር። ያ ድስት ለወራት ለምንም ሌላ ነገር አይሆንም። ማታ ከሥራ በኋላ በኩራዝ ብርሃን ወስፌዋን ይዛ ትቀመጣለች። ዙር በዙር፣ ከእምብርቱ ጀምሮ እየሰፋ። ይህ መሶብ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀረው። እንጀራ ለማስቀመጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳፋ ነበረን። ሳፋው ውኃም አያስገባም፣ ምስጥም አይበላውም። በጥቅም ብናስላው ሳፋው ይበልጣል።

ታዲያ ያቺ ድሃ ሴት ለምን ዓመቷን ሰጠች? ወዳጄ መልስ ካለው እሰማለሁ። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ እንጀራው ጥቂት በሆነበት ቀን እንኳን መሶቡ ሲቀርብ ማዕድ ቀረበ እንል ነበር። እጃችንን ታጥበን፣ ታላቅ እስኪጀምር ጠብቀን እንበላ ነበር። ከሳፋ የበላን ጊዜ ግን ቆመን ነው የበላነው። ጥበብ ከጠገቡ በኋላ የሚመጣ ነገር ቢሆን ኖሮ በአገራችን ድሃ ቤት ውስጥ መሶብ አይገኝም ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉትን ቤቶች ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ሴቶቹ የሰፉት ስፌት ግድግዳውን ሞልቶት እንግዳ ገና ሲገባ ዓይኑን ይይዘዋል። ያ ቤት የሚኮራበት ገንዘብ ሳይሆን እጅ ነው።

ሌላም አለ። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ሐዘኑ ከብዶ ሰው ሁሉ ቃል ሲያጣ፣ አንዲት ሴት ትነሳና በሁለት ስንኝ ሟቹን ታቆመዋለች። አካሄዱን፣ ለጋስነቱን፣ ሳይጨርሰው የሄደውን ቤት፣ ሁሉንም ቤት እየመታች ትናገራለች፤ ያን ጊዜ ዓይኑ የደረቀው ወንድም እንኳን ያለቅሳል። ማልቀስ ነበረበት፤ መንገድ ነው ያጣው። ያቺ ሴት መንገድ ሰጠችው። ጋዜጣ ላይ ግጥም ያሳተመውን ልጅ ገጣሚ እንለዋለን፤ እርሷን «አልቃሽ» እንላታለን፤ እርሱም ስድብ ሆኗል። ሳታስብበት፣ ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ቤት ሳይሰበርባት የገጠመችውን ሴት! እኔ ወረቀት፣ እርሳስና ሙሉ ሌሊት ቢሰጠኝ አልችለውም።

አሁን ከቤት እንውጣ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለውን የድንጋይ አንበሳ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። «አንበሳው ጋ እንገናኝ» ስንባባል ኖረናል። ብዙ ፍቅር እዚያ ተጀምሯል፣ ብዙ ሰውም እዚያ ቆሞ ቀርቷል። ሠሪው ማን ነው? ... ከኋላ አንድ ሰው መለሰ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራጺ ነው፤ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ የዘውድ በዓል የቆመ ነው። ከመቶ ሃምሳ ሰው አንድ ሰው መለሰ። መጥፎ አይደለም፤ ከዚህ ያነሰ ጠብቄ ነበር።

የአፍሪካ አዳራሽን ባለ ቀለም መስታወትስ? እርሱን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ የአፈወርቅ ተክሌ ነው። ሦስት ክፍል ነው፤ በድምሩ 150 ካሬ ሜትር። የአህጉሩን ያለፈ መከራ፣ ትግሉን፣ ተስፋውን ይናገራል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት መሪዎቹ የተሰበሰቡት በዚያ ሕንፃ ነው። አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህን ሥራ ሠሪውን ጠርተን የምናስታውሰው አፈወርቅ ስማቸውን ለማስከበር ዕድሜ ልካቸውን ስለ ታገሉ ነው። አንዳንዱ ሰው ኩሩ ናቸው እያለ ያማቸው ነበር። ደግ አደረጉ እላለሁ። ባይኮሩ ኖሮ እንደ አንበሳው ይሆን ነበር።

ኩራት ስል፣ ሁልጊዜ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ስማቸውን አይጽፉም ነበር፤ ሥራው ለእግዚአብሔር ነው ይሉ ነበር። እውነት ነው፤ ትሕትናቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረ አንድ ሠዓሊ ጣና ሐይቅ ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ባለ ሥዕል ላይ ስሙ ሰፍሯል፤ ፍሬ ጽዮን። ያ አንድ ስም በመገኘቱ ብቻ ተመራማሪዎች የእጁን አጣጣል ተከትለው ሌሎች ሥዕሎችንም ወደ እርሱና ወደ ተከታዮቹ ለማስጠጋት ቻሉ። ስም ለሠዓሊው ክብር ብቻ አይደለም፤ ለተመልካቹ መያዣ ነው። ስሙ ከሌለ «የድሮ ሥዕል» እንላለን፤ እርሱም ሌላ የድሮ ሥዕል አጠገብ ሄዶ ይጠፋል።

በየአደባባዩ አዲስ ሐውልት ሲቆም እስቲ እግራችሁ ካለፈ እብነ በረዱን አንብቡት። የመረቀው ባለ ሥልጣን ስም በትልቁ ተቀርጿል፣ ቀኑም አለ። የቀራጺውን ስም ፈልጉ። አንዳንዴ ታገኙታላችሁ። ብዙ ጊዜ ግን ሪባን የቆረጠው መቀስ ድንጋይ ከጠረበው መሮ በልጦ ታገኙታላችሁ።

አንድ ሌላ የማለፍ ያህል ላንሳ፤ ታፔላ። የፀጉር አስተካካይ ቤት፣ የልብስ ሰፊ፣ የጎሚስታ ታፔላ በእጅ ይሣል ነበር። አንገቱ ረዘም ያለ፣ ፀጉሩ እንደ ቆብ የተቀመጠ ጎረምሳ፣ አጠገቡ መቀስና ማበጠሪያ። የጭነት መኪና ኋላ ላይ የሚጻፉት አባባሎችም የእነዚሁ ሰዎች እጅ ናቸው። አሁን ሁሉም በማሽን የታተመ ባነር ሆኗል፤ በዓመቱ ፀሐይ አንጥታው ሌላ ይታተማል። እነዚያ የታፔላ ሠዓሊዎች በጣም ጥሩ ነበሩ አልልም። አንዳንዶቹ አስቂኝ ነበሩ። ግን መንገዱ የሰው እጅ ይታይበት ነበር፤ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ስትሻገሩ የፊደሉ ጅራት ይለወጥ ነበር።

ወደ ትምህርት ቤት ልምጣና ላብቃ፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሥዕል ሳስተምር ክፍለ ጊዜዬ የሁሉም ብድር ነበር። የሒሳብ መምህር ትምህርቱ አልደረሰለትም? ከሥዕል ይውሰድ። ስብሰባ አለ? በሥዕል ሰዓት ይሁን። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩን «እኔስ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ መበደር እችላለሁ?» አልኳቸው። ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው።

በቀረችኝ ሰዓት ታዲያ አንድ ነገር አሠራቸው ነበር። «የቤታችሁን ጀበና ሳታዩ ሣሉልኝ» እላለሁ። ጀበናውን በየቀኑ ያያሉ፣ ቡናው በቀን ሦስቴ ይፈላል። ሊሥሉት ሲቀመጡ ግን ይቸገራሉ፤ እጀታው ከየት ተነስቶ የት ያርፋል? አንገቱ ከሆዱ ጋር የሚገናኘው እንዴት ነው? አርባ ልጅ አርባ ዓይነት ጀበና ይሥላል፤ ግማሹ ቡና ሊቀዳበት የማይችል። በማግስቱ ቤታቸው አይተው ይመጣሉ። አንዲት ልጅ በጣም ተናድዳ መጣች። «መምህር፣ የእኛ ጀበና እጀታው ጠማማ ነው፤ እስከ ዛሬ አላየሁትም» አለች። እናቷን ጠየቀች፤ እናቷ ገበያ ላይ የሸጠችላት ሴት እጀታውን ስትቀጥል ጭቃው ደርቆባት እንደ ነበር፣ በዚህም ዋጋውን እንደ ቀነሰችላት ነገረቻት። ልጅቷ ያን ቀን የሣለችው ጀበና ጠማማ እጀታ ነበረው፤ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ለምን ሙሉ ሰጠህ ተብዬ ተጠይቄያለሁ።

አሁን መሶቡን። ከእምብርቱ ጀምራችሁ ዙሩን ብትከተሉ ቀለሙ በሥርዓት ይሄዳል፤ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ተፈጥሯዊው፣ እንደ ገና ሐምራዊ። ክዳኑ ላይ ግን አንድ ቦታ ቀይ መሆን ሲገባው ብርቱካንማ የሆነ ዙር አለ። ልጅ ሆኜ በዚያ ብርቱካን መስመር ላይ ጣቴን እየሄድኩ ነበር የምጫወተው፤ የተለየ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እናቴ ካረጀች በኋላ ነው የጠየቅኋት። ወስፌዋን ትታ ሳቀች። «ቀዩ ቀለም አለቀብኝ። አባትህ ገበያ እንዲያመጣልኝ መላክ ነበረብኝ፤ ያን ሳምንት ደግሞ ተኳርፈን ነበር፤ አልለምነውም ብዬ ባለኝ ጨረስኩት» አለችኝ። ስንት ቀን ተኳርፋችሁ ነበር ብላት፣ «ቁጠረው» አለችኝ፤ ዙሩን ማለቷ ነው።

ስትወጡ በዚህ በኩል አልፋችሁ አገላብጣችሁ እዩት፤ መንካት ይቻላል። ክዳኑን ስታነሡ ብቻ በጫፉ አትያዙት፤ ላልቷል።